ያጠብኳቸው ዳይሞች

ጌቾዬ፣

በሚመጣው ወር ዓመት ሊሞላህ ነው። አሥራ አንድ ወር አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ከርሜ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ናፍቆት ስለባሰብኝ አይደለም። ናፍቆቱማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳለ አለ። የምነግርህ ጥፋት ስላለብኝ ነው። አንተ ፈጽሞ ያላልከውን ነገር፣ ከሞትክ በኋላ፣ ብሏል ብዬ ዋሸሁብህ። በዚያ ውሸት የተነሣ ልጃችን ማሂ ተቀየመችህ። እኔን ብትቀየም ደግ ነበር፤ እሷ ግን መልስ መስጠት የማትችለውን አንተን ተቀየመች።

እቤት እንደነበርን ነን። አሁንም እዚያው ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነን። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ዛሬም እንደተበላሸ ነው። በሕይወት እያለህ እምቢ ያልከኝን ሶፋ ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ ብትቆጣም ምንም አታመጣም። ማሂ አሥራ ስምንት ልትደፍን ነው። ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፣ በመስከረም ትሄዳለች። ደግሞ ፔኒ ቀረ ብልህ ታምነኛለህ? ከወር በፊት አንድ ሳንቲሟን ከገበያ አወጧት፤ አሁን በጥሬ ገንዘብ ስትከፍል ሒሳቡ ወደ አምስትና ወደ አሥር ይጠጋጋል። ዜናው በቴሌቪዥን ሲነገር ዓይኔ ሳላዘው ወደ ወንበርህ ዞረ። አንተ ብትኖር ኖሮ ያን ቀን እራት አንበላም ነበር፤ ስለ ሳንቲም ስታስረዳን ይመሽ ነበር።

ያ የዳይም፣ የአሥር ሳንቲሟ ነገርህ። ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያሉትን መጋዘኖች እየዞርክ የለስላሳና የቺፕስ ማሽን ስትሞላ ትውልና፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ በገዛ ገንዘብህ ከባንክ አሥር ሳንቲም በጥቅል ገዝተህ ትመጣለህ። ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሲያይ የዋለ ሰው እንዴት ሳንቲም ይገዛል እያልኩ ስንቴ ተጨቃጨቅን። አንተ ግን የምትፈልገው ዳይም ሁሉ አልነበረም። ሳንቲሙ ላይ ካለችው ንግሥት አንገት ሥር ፒ የምትል ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ያለችበትን ብቻ ነበር፤ ከ2001 እስከ 2006 የወጣውን፣ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ኒኬል የተለበጠውን። ስምንት ዓይነት ነው ትለኝ ነበር። አንዱ ጀርባው ላይ እንደ ሌሎቹ መርከብ በመሆን ፈንታ የሰው ፊት አለ። የ2003ቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዷ ንግሥት ዘውድ ጭናለች፣ ሌላዋ ባዶ ራሷን ናት። ከነገርከኝ ውስጥ ግማሹን እሰማ ነበር፣ በግማሹ ላይ ሽንኩርት እከትፍበት ነበር።

ዳውንታውን ያለ የሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ወስደህ አሳይተኸው፣ አሥር ሳንቲም ዋጋው አሥር ሳንቲም ነው፣ ሂድና ቡና ጠጣበት ብሎ የሸኘህ ዕለት ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ታፍራለህ ብዬ ስጠብቅ እየሳቅህ ገባህ። ሰው ሁሉ የድሮውን ከብር የተሠራውን ይሰበስባል፣ ይቺን ግን ማንም ዞሮ አያያትም አልክ። ማንም ስለማያያት ኪስ ለኪስ ስትፋጭ ታልቃለች፣ ያን ጊዜ ንጹሑ የሚገኘው እኔና ማሂ ዘንድ ብቻ ይሆናል አልክ። ያኔ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። አሁንም ሀብታም ያደርግ ነበር አልልህም፤ ግን ነገሩ ከሀብት ጋር እንዳልነበረ ዘግይቶ ገባኝ።

እውነቱን ልናገር ብዬ ከተነሣሁ ይኼንንም ልጨምር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራችሁ፣ ማጉያ መነጽሩን እየተቀባበላችሁ ስታዩ፣ እቀና ነበር። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ አንተ ዘንድ ስትቀመጥ ዘውድ ያላት፣ ዘውድ የሌላት፣ ይቺ ተቧጭራለች፣ ይቺ ቆንጆ ናት እያለች አማርኛውን ታንበለብለዋለች። ሻይ ይዤላችሁ ስመጣ እማዬ ቀስ፣ እንዳይፈስ ትሉኛላችሁ። ሻዩን አስቀምጬ ወደ ኩሽናዬ እመለሳለሁ። ይኼው ነበር ድርሻዬ።

ልብህ ሥራ ላይ እንዳለህ ቆመች። ስለዚያ ቀን አልጽፍም፤ አንተም ታውቀዋለህ። አርባህ ሲደርስ ዕቃህን ማውጣት ጀመርኩ። ኮትህን ለጓደኛህ፣ ጫማህን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሰጠሁ። የብስኩት ቆርቆሮህን ስከፍት ዳይሞቹ በባንክ ወረቀት እንደተጠቀለሉ አገኘኋቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሟች ትቶት የሄደው የኪስ ሳንቲም እቤት አይቀመጥም፣ በስሙ ይመጸወታል ትል ነበር። እኛ ቤት እንደዚያ ነው ያደግነው። እኔም የአርባህ ዕለት እሑድ ጠዋት ወስጄ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመርኩት። የሣጥኑ ቀዳዳ ጥቅሉን ስለማያስገባ ወረቀቱን በጥፍሬ እየቀደድኩ፣ አንድ በአንድ። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ዓመቱን ጽፈህበት ነበር፤ እያየሁት ነው የቀደድኩት። ለነፍስህ ብዬ ነው፣ ይኼ እውነት ነው። ግን ያ ቆርቆሮ ከዓይኔ እንዲጠፋም ፈልጌ ነበር፤ ይኼም እውነት ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለአርባህ እቤት ሰው ሞልቶ፣ እኔ ሳህን እየሰበሰብኩ ሳለሁ ማሂ ባዶውን ቆርቆሮ ይዛ መጣች። የታለ አለችኝ። ዓይኗን ሳየው ምን እንዳጠፋሁ ያኔውኑ ገባኝ። አጠፋሁ ማለት ሲገባኝ አፌ ቀደመኝ። አባትሽ ነው ለቤተ ክርስቲያን ስጪልኝ ያለኝ አልኳት። ለኔ ነው ያለኝ እኮ አለች በእንግሊዝኛ፣ ኦታዋ ይዘሽው ትሄጃለሽ ብሎኝ ነበር። እኔ ይኼን አላውቅም ነበር። ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናላ አልኳትና ሳህኑን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ወደ አቶ ዘውዱ ደወልኩ። ለእግዚአብሔር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስበው። ምክንያቱን ሳልናገር ዳይሞቹን በሌላ ገንዘብ ይለውጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሰኞ ጠዋት ባንክ ገብቷል ልጄ፣ ምነው ችግር አለ አሉኝ። የለም አልኳቸው።

መጀመሪያ የማሂ ዝምታ ኀዘን መስሎኝ ነበር። ከዚያ አልጋዋ ራስጌ የነበረው፣ ሐይቁ ዳር አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ገባ። መቃብር እንሂድ ስላት ፈተና አለብኝ አለች። በሌላው ወር ራሴን አሞኛል አለች። ከተቀበርክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እግሯ አልረገጠም። አባዬ ማለት ትታ ስምህን ሳትጠራ በእንግሊዝኛ እሱ ብቻ ማለት ጀመረች። በገና ሰሞን የሙት ዓመትህን ነገር ሳነሣባት፣ እኔ አልመጣም፣ ቃሉን ላልጠበቀ ሰው ሻማ አላበራም አለችኝ። ይኼን ስትል ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ ብል አንተ ነፃ ትወጣለህ። ስንት ቀን ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፈራሁ ጌቾ። አንተን አጥቻለሁ፣ እሷም ፊቷን ካዞረችብኝ በመስከረም በዚያው ወጥታ የምትቀር መሰለኝ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ስምንቱን ዳይም ራሴ ሰብስቤ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ፣ አባትሽ ለአንቺ ለይቶ ያስቀመጠው ተገኘ ልላት። ከሙት ዓመትህ በፊት ካደረስኩት ትመጣለች ብዬ።

የምሠራበትን ካፌቴሪያ ታውቀዋለህ፣ ቢሮዎቹ ሥር ያለውን። ካሽ ላይ ነበርኩና ዳይም በእጄ ያልፍ ነበር። ፒ ያለበት ሲገባ ከኪሴ ሌላ አሥር ሳንቲም እጥልና እሱን አነሣለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳልወድ ስሰማህ ተምሬው ኖሯል፤ ዓይኔ በቀጥታ ንግሥቲቱ አንገት ሥር ይሄዳል። ደንበኛ መልሱን ሲጠብቅ እኔ ሳንቲም አገላብጣለሁ። በሁለት ወር ሰባቱን አገኘሁ። የቀረኝ የ2006ቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት ፊደሏ ቀርታ ሌላ ምልክት ስለገባ፣ የማነሣው ሁሉ ምልክት ያለበት ይሆንብኛል።

አንድ ሐሙስ ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ ጠራችኝ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። የኔ እጅ ነው፤ ከካሹ መሳቢያ ወደ ሽርጤ ኪስ ይሄዳል። እንደገና ይሄዳል። ከኪሴ ሳንቲም ስጥል ግን ካሜራው ላይ አይታይም፣ ትከሻዬ ከልሎታል። ጌቾ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስምንት ዓመት ስሠራ ሰው ሌባ ብሎኝ አያውቅም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ባሌ ሞቷል፣ ዳይም ይወድ ነበር፣ ልጄ አኩርፋለች እያልኩ አስረዳሁ፤ ለራሴም የዕብድ ወሬ ነበር የሚመስለው። የየቀኑን ሒሳብ ስታገላብጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጉድለት አላገኘችም። ቢሆንም ማስጠንቀቂያ አስፈረመችኝና ከካሽ አንስታ ዕቃ ማጠቢያ መደበችኝ። ለማሂ ወገቤን ስላመመኝ ሥራ ቀየርኩ አልኳት። አየህ፣ ውሸት ከጀመረ አያባራም።

ከዚያ አንተ ወደምትሄድበት ባንክ ሄድኩ። የዳይም ጥቅል ስጠይቅ ገንዘብ ከፋይዋ ቀና ብላ፣ ድሮ ዓርብ ዓርብ ዳይም የሚገዛ የአገርሽ ሰው ነበር፣ የት ሄደ አለችኝ። ባሌ ነበር አልኳት። ነበር ማለቴን ሰምታ ወደ ጓዳ ገብታ አራት ጥቅል ይዛልኝ መጣች። የ2006ቱን ሦስተኛው ጥቅል ውስጥ አገኘሁት። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

እሰይ አለቀ ብዬ ሳያቸው ግን ሁሉም ጠቁረዋል፣ ደብዝዘዋል። ያንተዎቹ ያበሩ ነበር። እኔ ምን ላድርግ፣ አገር ቤት ለበዓል የአንገት መስቀል እንደምናጥበው አጠብኳቸው። በሎሚ አሸሁ፣ በጨው አሸሁ፣ በመጨረሻ የጥርስ ሳሙና በጨርቅ አድርጌ ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩ። ወለል ብለው ሲያበሩ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ ሌላ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ያለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ ከኋላ አገኘሁት፣ አባትሽ ለአንቺ ብሎ ለይቶት ነው አልኳት። አጥንቼው ስለነበር አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። ማሂ ቆርቆሮውን ሳትነካ አየችው። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ማጉያ መነጽሩን ይዛ መጣች። ለካ እሱን አልጣለችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የመጀመሪያዋን አወጣች። ጠርዟን በሁለት ጣት ነው የያዘችው፣ ልክ አንተ እንደምትይዘው። ገለበጠች። ሁለተኛዋን አወጣች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ያወጣቻቸውን እቆጥራለሁ። አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ መነጽሩን አስቀመጠችና ሳንቲሟን አሸተተቻት።

አባዬ ሳንቲም አያጥብም አለች።

ያ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ያመለጠኝ ግማሹ ይኼ ኖሯል። የመጀመሪያ ደንብህ እሱ እንደነበር፣ ሳንቲም ከታጠበና ከታሸ ፊቱ ላይ ጭረት እንደሚቀር፣ የሚሰበስብ ሰው እንደማይነካው፣ አሥር ዓመቷ ላይ አንዷን በሳሙና አጥባ አምጥታልህ ሳትቆጣ በመነጽር ጭረቱን እንዳሳየሃት፣ ይኼን ሁሉ እዚያው ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አባዬ፣ አባዬ እያለች። ያን ቃል ከሰማሁ ዘጠኝ ወር አልፎኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ያጠብሻቸው አንቺ ነሽ፣ ከየት አመጣሻቸው አለችኝ።

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ቆርቆሮውን አባትሽ ስጪ አላለኝም፣ ምንም አላለኝም፣ በራሴ ነው የሰጠሁት አልኳት። ስትጠይቂኝ ፈርቼ ዋሸሁ፣ ዛሬም ዋሸሁ አልኳት። ቅናቱንም አልደበቅኋትም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ዘጠኝ ወር ሙሉ እሱን አስጠላሽኝ አለች። ብቻ ይኼን አለች። ዳይሞቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ስልኳን አታነሣም። በመስኮት ብመለከት ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ሰው ሁሉ አንድ ነው፣ በዚያ ላይ በረዶ ይጥላል። ጓደኛዋ ቤት ደወልኩ፣ አልመጣችም አሉኝ። ከወጣች አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ። ጌቾ፣ ያን ጊዜ ለአንተ ሞት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ካፖርቴን ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ የት ብዬ እንደምወጣ ግራ ገብቶኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

ንፋስ ብቻ ነበር መጀመሪያ የሰማሁት። እማዬ፣ አባዬ በየት በኩል ነው አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ። ሁለት አውቶቡስ ይዛ መቃብርህ ሄዳ ኖሯል። ድንጋይህ ከመሬት እኩል ስለሆነ በረዶው ሁሉንም አንድ አድርጎባት፣ ከቀብርህ ቀን በኋላ መጥታ ስለማታውቅ ስትዞር ቆይታ ጠፍቷታል። ከዋናው በር ገብተሽ በቀኝ ያዢ አልኳት። የውሃ ቧንቧው ጋ ስትደርሺ ጥዱን ታያለሽ፣ ከጥዱ ወደ አጥሩ አራተኛው ነው። እርምጃዋ በስልክ ይሰማኛል። እዚህ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው አለች። አንድ ወደፊት ሂጂ አልኳት። በጓንቷ በረዶ ስትጠርግ ሰማሁ። አገኘሁት አለችኝ።

ስልኩን አልዘጋችውም። ረስታው ነው መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ማውራት ጀመረች፣ ግን ለኔ አልነበረም። እኔ ዘጋሁት።

ምን እንዳለችህ አልጠየቅኋትም። ይቅርም አላለችኝም፤ እቤት ውስጥ እንተላለፋለን፣ እራቷን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ሙት ዓመትህ ላይ ግን እመጣለሁ ብላለች። እኔ ብጠየቅ ካኮረፈችኝ ዓመትም ታኩርፈኝ፤ አንተን አትቀየምህ እንጂ።

አንተ ሰው፣ እንድረሳህ አትጠብቅ። ስምህን በየቀኑ አነሣዋለሁ፣ ለሰውም እነግራለሁ። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ስለ አንተ የምናገረው በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። ሳልሰማህ ያለፈኝ ብዙ ነው፤ እሱን ማሂ ስትታረቀኝ እሷን እጠይቃለሁ።

ባለቤትህ
አስቴር